ከትራክተሯ የጠፋው ማኖቬላ

ጉርሜሳን ሞቶ ያገኘችው ሚስቱ ወርቄ ናት። በሰባ ስምንት ዓ.ም. ነሐሴ፣ እሁድ ጠዋት፣ ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ ተሰልፋ ያገኘችውን ሳሙና በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ በዚያ ጭቃ ቀስ እያለች መጣች። ጓሮ ያለው የቆርቆሮ መጠለያ በሩ ተበርግዷል። “አባ ዳባ!” ብላ በልጃቸው ስም ጠራችው። ዝም አለ። ገባች፤ መጀመሪያ ያገኘችው እግሩን ነው፣ በእግሯ።

ጩኸቷ ከላፍቶ አቀበት እስከ ወንዙ ተሰማ።

መርማሪው መቶ አለቃ በኃይሉ ሲደርስ ዝናቡ እንደገና ጀምሯል። ካፖርት አልደረበም። ቁርስም የበላ አይመስልም፤ እነዚህ ፖሊሶች ሚስት እያላቸውም እንደ ወንደላጤ ነው የሚኖሩት። ከኋላው አስር አለቃ ኦልጅራ ጃንጥላ ይዞ ይሮጣል፤ ጃንጥላውን ግን የያዘው ለራሱ ነው።

ሟቹ በጀርባው ተንጋሏል። ከቀኝ ቅንድቡ በላይ ተፈንክቷል፤ ቀኝ እጁ ከአንጓው ላይ ተሰብሮ አብጧል። ከበላዩ አረንጓዴ ቀለም የተቀባች፣ ቁመቷ ከሰው ወገብ የማይበልጥ ትራክተር ቆማለች። ወደ ውስጥ መሰሎቿ ሁለት ተጨማሪ አሉ፤ እንደ መስታወት ያበራሉ።

“ምንድን ናቸው እነዚህ? መጫወቻ?” አለ በኃይሉ።

“የአትክልት ቦታ ትራክተር ናቸው ጌታዬ። መካኒሳ ወንዙ ዳር ካሮትና ጥቅል ጎመን የሚያስተክል ፈረንጅ ነበር። ጉርሜሳ ሾፌሩ ነበር። መሬቱ ሲወረስ ፈረንጁ ሄደ፣ እነዚህ ሜዳ ላይ ዝገው ቀሩ። ሽማግሌው በአህያ ጋሪ እየጎተተ አምጥቶ፣ ዝገቱን እየፋቀ፣ የጎደለውን በሞረድ እየሠራ ያድናቸዋል።”

“ሊያርስባቸው?”

“ኧረ የት መሬት አለው! እኔም አንዴ ጠይቄው ነበር። ‘አያርሱም፤ ይነሳሉ እንጂ’ አለኝ።”

በኃይሉ ጎንበስ ብሎ የትራክተሯን አፍንጫ አየ። ሞተር የሚዘወርበት ቀዳዳ ባዶ ነው።

“ማኖቬላዋስ? የምትዘወርበት ብረት?”

ኦልጅራ ግድግዳው ላይ ያለውን ምስማር አየ፤ ባዶ ነው። መሬቱን ፈለገ፤ የለም። ሁለቱም የሟቹን ግንባር አዩ። አንድ ክንድ የሚያህል፣ ጫፉ የታጠፈ የብረት ዱላ።

“የመታው ሰው ይዞት ሄዷል” አለ ኦልጅራ።

•

ወርቄ ከቤቱ ጣራ ሥር ሴቶች ከበዋት ተቀምጣለች። በኃይሉ ከፊቷ ቁጢጥ አለ። እጇን ዘርግታ እጅጌውን ያዘች።

“ረጥበሃል ልጄ። አንዳችሁ ጋቢ ስጡት። በዚህ ብርድ ሳንባ ምች ይዞህ ለእናትህ ልቅሶ ታመጣለህ?”

“ደህና ነኝ እማማ። ጠዋት የሆነውን ይንገሩኝ።”

“ሦስተኛዋን ሊያስነሳ ነበር። የመጨረሻዋን። ዳባ ልጃችን ሕፃን ሆኖ ጭኑ ላይ አስቀምጦ የሚያሽከረክረው በሷ ነበር።” ጉሮሮዋን ጠረገች። “ዳባ ሰሜን ጦር ግንባር ሄዶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሰውየው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። አይበላ፣ አይናገር። ለሽማግሌ አልተነሳ፣ ለጠበል አልተነሳ። ያስነሱት እነዚያ ብረቶች ናቸው።”

“ብቻውን ነው የሚያስነሳቸው?”

“ከኔ ጋር ነው እንጂ! ጎኗ ላይ የጣት ርዝመት ያላት እጀታ አለች፤ የሞተሩን እሳት የምታፈጥንና የምታዘገይ። እኔ እጀታዋን ወደ ማዘግያው አደርጋለሁ፣ እሱ ከፊት ይዘውራል። እጀታዋን አድርጌ ደግሞ ለኢታና ልጣራ እወጣለሁ።”

“ኢታና ማነው?”

“የአጥር ጎረቤታችን። አምና ሞተሩ ሲጮህ ላሙ ደንግጣ ጨነገፈች። ተጣላን፣ ተካሰስን። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ‘ወርቄ ሳትጣራ፣ ኢታናም ከብቱን ሳያርቅ ሞተር አይነሳ’ ብለው ፈረዱ። ዛሬም ተጣራሁ፤ ‘እሺ’ አለኝ። ሳሙና መጥቷል ሲሉ ሰምቼ ስለነበር በዚያው ወደ ሱቅ ወረድኩ።”

“ሞተሩ ሲነሳ ሰሙ?”

“አንዴ ‘ጧ’ አለ። ከዚያ ዝም። ቤንዚኑ ነው ብዬ አለፍኩ፤ በራሽን የሚሰጡት ቤንዚን ምኑ ቤንዚን ነው።”

በኃይሉ የቀኝ መዳፏን አየ። ቀይ ነገር ተለድፎበታል። የባሏን ራስ አቅፋለች፣ ምን ይደንቃል ብሎ አለፈው። ግን ዓይኑ ተመልሶ ሄደበት። የነጠላዋ ደም ቡናማ ሆኗል፤ የመዳፏ ግን ገና ቦግ እንዳለ ነው።

በዚህ መሐል አንድ ሰው መጥቶ ዝም ብሎ ከፊቷ ቆመ። ወርቄ ቀና አለችና፣ “ኦልጅራ፣ ተቀመጥ እንጂ” አለች።

ሰውየው የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ነጋ ነበር። ቅር ብሎት ባርኔጣውን አስተካከለ።

•

“ነገሩ ግልጽ ነው ጓድ መቶ አለቃ” አለ ነጋ በበሩ በኩል ወስዶት። “ኢታና በአደባባይ ‘ይቺ ብረት አንድ ቀን ትበላሃለች’ ብሎታል። ሰው ሁሉ ሰምቷል። ትራክተሯ ደግሞ መስከረም ሁለት፣ ለአብዮት በዓል፣ በቀበሌያችን ስም ሰልፍ ልትወጣ ነበር። ስለዚህ ጠብ ብቻ አይደለም፤ አሻጥር ነው።”

“ጉርሜሳ ሰልፍ ልውጣ ብሎ ነበር?”

“እየተወያየን ነበር።”

“እምቢ ብሏል ማለት ነው።”

“ሐሳቡ አልበሰለም ነበር እንበል። እስከ ነገ ማታ ካልጨረስክ የላይ አካል ይረከበዋል።”

የላይ አካል የተረከበው ሰው ቤተሰቡ ስንቅ ይዞለት ይሄዳል፤ አንድ ቀን ስንቁ እንደተቋጠረ ይመለሳል፤ በቃ። ያን ዘመን ያየን እናውቀዋለን።

“ጫማህ ላይ ያለው ቀይ ምንድን ነው?” አለ በኃይሉ።

ነጋ እግሩን ሰበሰበ። “ቀለም ነው። የመፈክር ቀለም።”

“እሁድ በጠዋት መፈክር ስትጽፍ ነበር?”

“ኧረ አልጻፍኩም...” ድምፁ ዝቅ አለ። “ጎህ ሲቀድ ለጉርሜሳ ጥቂት አምጥቼለት ነው። ‘ለአንዲት ምልክት ብቻ’ ብሎ ለመነኝ። ሰጥቼው በቀጥታ ወደ ቀበሌው ጥበቃዎች ሄድኩ፤ እስከ ረፋድ አብሬያቸው ነበርኩ፣ ጠይቃቸው። ብቻ... የመንግሥት ቀለም ስለሆነ ባትጽፈው።”

“የምመረምረው ሞት ነው፤ ቀለም አይደለም” ብሎ በኃይሉ ፈገግ ሳይል አለፈው። ጥበቃዎቹ ተጠየቁ፤ እውነቱን ነው።

•

ማኖቬላውን ያገኘው ኦልጅራ ነው። ከኢታና ጋጣ አጠገብ ካለው የፍግ ክምር ውስጥ፣ ከነደሙ።

ኢታና ሲጠሩት ከብት እያጠጣ ነበር፤ ጉልበቱ የደከመ፣ ቀጭን ሽማግሌ። ጋቢው ጭኑ ላይ በደም ርሷል። ሊደብቀው እንኳ አልሞከረም።

“ይሄን ብረት ማን አመጣው?” አለ በኃይሉ።

“የወሰድኩት እኔ ነኝ።”

“ጉርሜሳን የመታውስ ማነው?”

“ብረቱን የወሰድኩት እኔ ነኝ።”

“አባባ ኢታና፣ ይሄ ቀልድ አይደለም። ነገ ከኔ እጅ ሊያወጡዎት ይችላሉ።”

“ብረቱን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ከብቶቹን ወደ ታችኛው መስክ አርቄያቸዋለሁ፤ የሚያያቸው ሰው ይፈለግልኝ።”

“እንደ ዳዊት ይደግመዋል” አለ ኦልጅራ፣ ወደ ጣቢያ ሲወስዱት። “በቃ፣ አለቀ ጌታዬ። ገብተን ሻይ እንጠጣ።”

“ሰው ገድሎ የሟቹን ራስ ጭኑ ላይ የሚያስቀምጥ ማነው?”

“የተጸጸተ።”

“የእጁ ስብራትስ?”

“ሲመክት ነዋ።”

በኃይሉ ግን የተሰበረውን አንጓ እያሰበ ሄደ። እሱ ልጅ ሳለ በሰፈሩ አንድ የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ ማኖቬላ ሲዘውር ሞተሩ ወደ ኋላ መልሶ መትቶት እጁ እንደ ማጭድ ጎብጦ የቀረ። ልጆቹ “ማጭድ” እያሉ ይጠሩት ነበር። ስብራቱ ከአንጓው ላይ ነበር፤ ልክ እንደ ሟቹ።

ግን የመታው ማሽኑ ከሆነ፣ ኢታና ለምን ብረቱን ይደብቃል? ለምንስ አፉን ይዘጋል?

•

ሰኞ ከቀብር መልስ በኃይሉ ለቅሶ ቤት ተቀመጠ። ኦልጅራ ከጎረቤቶቹ አንድ ነገር ይዞለት መጥቷል፤ ቅዳሜ ዕለት ጉርሜሳ ከአንድ የመርካቶ ቁራጭ ብረት ነጋዴ ጋር ሲጨቃጨቅ ተሰምቷል። ነጋዴው ሰዒድ ይባላል። ሊፈልጉት ሲነሱ ራሱ ለቅሶ ደረሰ፤ ገና ከበሩ እንደ ልጅ እያለቀሰ ገባ።

“ተጨቃጭቀናል፣ አዎ” አለ ድንኳኑ ጥግ። “ትናንት ግን እዚህ አልነበርኩም፤ ወልቂጤ የእህቴ ልጅ ኒካህ ላይ ነበርኩ። በጉን ያረድኩት እኔ ነኝ፣ አገር ይመሰክራል።”

“በምን ተጨቃጨቃችሁ?”

“በእጀታዋ። የድሮዋ ተሰብራ ስለነበር ከሌላ ማሽን ነቅዬ አመጣሁለት። ስንሞክራት ግልባጭ ሆነች። የድሮዋ ወደ ራስ ስትሳብ እሳቱን ታዘገያለች፤ ይቺኛዋ ስትሳብ ታፈጥናለች። ‘ጋሼ፣ አትግጠማት፤ ሌላ እፈልግልሃለሁ’ አልኩት። እሱ ይሰማል? ሦስተኛዋ ልትነሳ ነው ብሎ እንደ ሙሽራ ሆኗል። ‘ማዘግያው ላይ ቀይ እቀባበታለሁ። ወርቄ ቀዩን አይታ ታደርገዋለች’ ብሎ ሳቀብኝ።”

በኃይሉ የያዘውን ቆሎ ወደ ሳህኑ መለሰ።

•

መጠለያው ውስጥ ጨለም ይላል። የበሩን ቆርቆሮ ገፋ አድርጎ ብርሃን አስገባና ከትራክተሯ ጎን ተንበረከከ።

እጀታዋ በአንዲት የብረት ሰሌዳ ላይ ነው የምትንቀሳቀሰው። በፊተኛው ጫፍ ቀይ ምልክት አለ። እጀታዋ ያለችው በኋለኛው ጫፍ ነው፤ ተስባ። እሳቱ ፈጥኖ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ሆና የዘወራትን ሰው መልሳ ትመታዋለች፤ አንጓውን ትሰብራለች፤ ብረቱም ከእጁ አምልጦ ካገኘው ቦታ ያርፋል።

ግን ቀዩ ምልክት ደህና ቀይ አልነበረም። መሐሉ ተጨፍልቆ ተልጧል፤ የመዳፍ መስመሮች ይታዩበታል። አንድ ሰው እጁን እዚያ ላይ ተደግፎ፣ በሌላው እጁ እጀታዋን ወደ ራሱ ስቧል።

ቀለም መኖሩን ያየ ሰው እርጥብ ቀለም ላይ መዳፉን አያሳርፍም።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ተከታትሎ መጣበት። እጅጌውን ዳስሳ “ረጥበሃል” ያለችው። ነጋን ኦልጅራ ያለችው። የባሏን ሬሳ በእግሯ ያገኘችው። ተነሥቶ የመጠለያውን በር ዘጋና ወደ ጣቢያ ሄደ።

•

ኢታናን ጣቢያው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተኮራምቶ አገኘው።

“ወርቄ ከመቼ ጀምሮ ነው የማታየው?” አለ በኃይሉ።

ሽማግሌው እንደተመታ ሰው ቀና አለ። “ማን ነገረህ?”

“ቀለሙ።”

የኢታና ትከሻ ወረደ።

“ጧ ሲል ሰማሁ። ሌላ ጊዜ ጧ ጧ ጧ እያለ ይቀጥላል፤ ትናንት ግን አንዴ ብቻ ነው። አልነሳ አለችው ብዬ ልስቅበት በአጥሩ ገባሁ። አንተ፣ ልስቅበት ነው የሄድኩት!” ፊቱን በጋቢው ጠረገ። “ራሱን ጭኔ ላይ አደረግሁ። ዓይኑ እዚያች እጀታ ላይ ነው። ‘ኢታና፣ ወርቄ አታይም እኮ’ አለኝ። ‘ምነው ሳትነግረኝ’ አለ። ከዚያ ‘ብረቱን ውሰድልኝ። ማሽኗ ናት ካሏት እጀታውን ማን አደረገው ትላለች’ አለኝ። ሌላ አልተናገረም።”

“እርስዎም ወሰዱት።”

“እጀታዋን ማዞር አላወቅኩበትም። የማውቀው በሬ ነው።”

“ይሰቅሉዎታል እኮ አባባ።”

“እኔ ስንት ዘመን ቀርቶኛል? እሷ ግን እዚያ ቤት ብቻዋን ነው የምትቀመጠው። በኔ እየረገመች ትቀመጥ። ሰውን መርገም ያሳድራል ልጄ፤ ራስን መርገም አያሳድርም።”

በኃይሉ ከጎኑ ተቀመጠ። እሱም እናት አለው፤ አሮጊት ናት።

“ስሙኝ” አለ። “የእጁ ስብራት ማሽኗ እንደመታችው ይመሰክራል። እጀታዋን ራሱ እንደረሳት፣ ቸኩሎ እንደዘወራት እጽፋለሁ። እርስዎ ደንግጠው ነው ብረቱን የወሰዱት። ዛሬውኑ ይፈታሉ።”

“ለወርቄስ?”

“ለወርቄም ይህንኑ።”

•

ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሲቀንስ ወርቄ መጠለያው በር ላይ በርጩማ አስወጥታ ተቀመጠች። በኃይሉ ከጉርሜሳ ጠርሙስ ጋዝ በጨርቅ ነክሮ መጣ።

“እማማ፣ እጅዎን ይስጡኝ። ግራሶ ነክቶታል፤ ላጽዳው።”

ሰጠችው። መስመር በመስመር ጠረገላት። እየጠረገ ያዘጋጀውን ነገራት፤ ሰው እንዳልገደለው፣ ማሽኗ መልሳ እንደመታችው፣ ኢታና ደንግጦ እንጂ ክፉ እንዳልሠራ።

“እጀታዋስ?” አለች።

“እርስዎ ከወጡ በኋላ ነካክቷት ይሆናል። ቸኩሎ።”

“እሱ? ቸኩሎ?” ከንፈሯ ፈገግ ሊል ሞክሮ ተወው። “አንዲት ብሎን ላላቅቅ ብሎ የፍልሰታን ጾም ሙሉ ጋዝ ውስጥ የሚዘፈዝፍ ሰው?”

በኃይሉ ጨርቁን አጠፈ።

“ቀለም ነው ልጄ፣ ግራሶ አይደለም። ከትናንት ጀምሮ ይሸተኛል። ለቀስተኛ ሲስመኝ እንዳይሸታቸው እጄን ነጠላዬ ውስጥ ስደብቅ ነው የዋልኩት።”

“እማማ...”

“‘ወርቄ፣ ወደ ቀዩ አድርጊያት’ አለኝ። ቀዩ የት እንደሆነ አላየሁም። ጥያቄው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ አሰብኩ፤ እንደማላይ ካወቀ ማሽኖቹን ይተዋቸዋል፤ ያለኔ ማን እጀታ ያደርግለታል? ሲተዋቸው ደግሞ ተመልሶ ግድግዳውን እያየ ይተኛል። እንደ ድሮው ወደ ራሴ ሳብኳት። ‘አደረግሁ’ አልኩት።” እጇን ከእጁ አውጥታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። “‘ጎበዝ’ አለኝ።”

ከወንዙ በኩል የከብት ድምፅ መጣ።

“አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ” አለች። “አውቆ ነው የሞተው?”

“አላወቀም። ወዲያው ነው ያለፈው። ኢታና ሲደርስ አልቆ ነበር፤ ብረቱንም በገዛ ራሱ አስቦ ነው የወሰደው።”

እግዜር ይቅር ይበለው፤ ሌላ ምን ይበላት?

“ታዲያ ኢታና ለምን ብሎ?” ጥያቄውን ሳትጨርስ መልሱ ገባት። እጇን ወደ አፏ ወሰደች። “ለኔ ብሎ? ሊሰቅሉት እኮ ነበር!”

“እንዳያውቁ ብሎ ነው። አሁን እንደሚያውቁ ልንገረው?”

“አትንገረው።” ወዲያው ነው ያለችው። “ታስሮ ያመጣልኝን መልሼ ፊቱ ላይ ልጥልበት? የጻፍከውንም እንዳለ ተወው። አሁን ሂድ፣ እህል ቅመስ፤ ድምፅህ ባዶ ሆድ ነው።”

•

ፀሐይ ሳትጠልቅ ኢታና ተፈትቶ መጣ። ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ጉሮሮውን ጠራረገ። ሌላ ጊዜ የምትጣራው እሷ ነበረች።

“ወርቄ።”

“አቤት ኢታና። እንኳን ለቤትህ አበቃህ።”

“ምን ልበልሽ... ነገሩን ነገሩሽ አይደል? ማሽኗ ናት አሉ። ራሱ ቸኩሎ ነው አሉ።”

ወርቄ አጥሩን ይዛ ቆመች። ከአርባ ዓመት በላይ ከጉርሜሳ ጋር ስትኖር በባሏ ላይ ለጎረቤት ክፉ ቃል ተናግራ አታውቅም።

“አዎ ኢታና” አለች። “ችኩል ነበር።”

ሽማግሌው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። የከበደው ነገር ሲወርድለት ወዲህ ድረስ ተሰማት።

“ከብቶቹን ታች መስክ አርቄያቸው ነበር” አለ። “ወደ አጥሩ ልመልሳቸው?”

“መልሳቸው” አለችው። “ከእንግዲህ የሚያስደነግጣቸው የለም።”